አዲስ አበባ እያለች የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ለምን ጎንደር ተከፈተ?

የማራኪ ልጅ፦
ሰላም ጎንደሬዎች። የአያቴን የጤና መድን ደብተር ላሳድስ ቀበሌ ሄጄ ሰልፍ ላይ ክርክር ተነሣ። አንዱ «መንግሥት ስለ ጤናችን ማሰብ የጀመረው በቅርቡ ነው» አለ። አንድ አዛውንት «ታዲያ ኮሌጁን በጃንሆይ ጊዜ ማን ከፈተው?» ብለው አፋጠጡት። እኔም ጥያቄው አልለቀቀኝም። ለምን እዚህ? የምታውቁ አስረዱኝ።

ጡረተኛው ሳኒታሪያን፦
ልጄ፣ መልሱ ደምቢያ ነው፤ እዚሁ አጠገባችን ያለው የጣና ዳር ሜዳ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ሜዳው ላይ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ወደ 7,000 ሰው ጨርሷል። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ ከቆመ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር፤ በ1940 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው። የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች ከተማ ውስጥ ናቸው። ሐኪም አስተምሮ ገጠር እስኪያደርሱ ደግሞ ሕዝቡ ያልቃል።

ስለዚህ በ1947 ዓ.ም. በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ እርዳታ ኮሌጁ እዚሁ ተከፈተ። ሥልጠናው በቡድን ነበር፦ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስ፣ እንደ እኔ ያለ ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ)። ሦስቱ አብረው ጤና ጣቢያ ይመደባሉ።

እኔ የሠለጠንኩት ዘግይቼ ነው። ሰው መርፌ የወጋውን ያስታውሳል፤ ምንጭ ያጎለበተለትን ግን ማን ያነሣዋል? ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የወባውን ርጭት ልንገርህ። ያኔ ዲዲቲ፣ የትንኝ መግደያው መድኃኒት፣ ይረጭ የነበረው የቤቱ ውስጥ ግድግዳ ላይ ነው። ትንኟ ደም ጠጥታ ስታበቃ እዚያ ታርፋለች፤ መድኃኒቱም እዚያው ያገኛታል። እናቶች ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ቤታቸውን በጭቃና በእበት ይለቀልቃሉ። ከርጭቱ በኋላ ከተለቀለቀ መድኃኒቱ ከሥር ተቀበረ ማለት ነው። ወባ የሚበረታው ደግሞ ልክ መስከረምና ጥቅምት ላይ! «እባካችሁ ልቅለቃውን ቀድማችሁ ጨርሱ» እያልን ቤት ለቤት እንለምን ነበር። አንዳንዷ እናት «እንግዳ በቆሸሸ ግድግዳ ልቀበል?» ትለናለች። እውነቷን ነው። ቡና አፍልታ፣ ቁጭ ብለን ተነጋግረን ነው የምንግባባው።

የአዘዞ ነርስ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያ ቤት ለቤት ሥራ በ1995 ዓ.ም. በጤና ኤክስቴንሽን ተመልሶ መጥቷል። በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴቶች፣ ደመወዛቸው ከመንግሥት። መድኑም ቢሆን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ ጎረቤታችን ፎገራ ነበረች። ቤተሰቡ በዓመት ያዋጣል፣ መንግሥት ይደጉማል፣ መክፈል ለማይችል ደግሞ ይሸፍናል። በፊት ደሀ የቀበሌ ወረቀት ይዞ ነበር የሚንከራተተው።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። ታካሚው ደብተሩን ይዞ ይመጣል፣ «መድኃኒቱ አልቋል» ይባላል። ከውጭ ፋርማሲ በኪሱ ይገዛል። በቀጣዩ ዓመት አዋጣ ስትለው በምን አፍህ?

የማራኪ ልጅ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የቡድኑ ሥልጠና አሁንም አለ?

ጡረተኛው ሳኒታሪያን፦
አለ እንጂ። ኮሌጁ አድጎ የሆነው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ተማሪዎችን ከየትምህርት ክፍሉ ቀላቅሎ ጤና ጣቢያ ያወጣል። ደምቢያ፣ ቆላ ድባ ከተማ ብትሄድ ታገኛቸዋለህ። ነርሷ ያለችውም ትክክል ነው፤ መዋጮ የሰበሰበ መንግሥት መድኃኒቱን መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥ አለበት። ይህን በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነሥታችሁ ጠይቁ።