ለሬጂዮኑ (ሐኪም ቤቶቹን ለሚያስተዳድረው የስዊድን ክልል መስተዳድር) የምናስገባው ፕሮፖዛል፦ አኩፓንክቸር (ቀጫጭን መርፌ ሰውነት ላይ መሰካት) በምጥ ሰዓት (ረቂቅ 2፣ አስተያየት ስጡበት)

ፀሐፊ፦
ሰላም እህቶችና ወንድሞች፣ እሁድ ስብሰባው ላይ ያልጨረስነውን እዚህ እንቋጨው ተብሎ ነበር፣ ስለዚ ከፈትኩት። ረቂቁ አሁን የሚለው «በምጥ የተያዙ አማርኛ ተናጋሪ እናቶች ሕመማቸውን የሚያስታግስ አኩፓንክቸር ይሰጣቸው» ነው። ከ2 ገጽ በላይ አይቀበሉም። ምን ትላላቹ?

አዋላጅዋ (ዮተቦሪ፣ ስዊድን)፦
እህቴ ይቅርታ አድርጊልኝና እንደዚ ብለን ከላክነው በመጀመሪያው ቀን ነው የሚመልሱልን። እዚህ ስዊድን አኩፓንክቸር ሐኪም ቤት ውስጥ ለሕመም እንዲሰጥ የተፈቀደው በፈረንጅ 1984 ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም። ኮርሱን የወሰደች አዋላጅ ተረኛ ከሆነች ትሰራልሻለች፣ ካልሆነች ደግሞ የለም ትባያለሽ አለቀ። ሌላው «የሚያስታግስ» የምትለዋ ቃል ታስይዘናለች። በፈረንጅ 2014 እዚሁ አገር የወጣ ጥናት አለ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱ 303 ሴቶችን ለሦስት ከፍለው ለአንዱ መርፌውን በእጅ ብቻ እያነቃቁ፣ ለሁለተኛው መርፌው ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ እየለቀቁ፣ ሦስተኛውን ደግሞ እንደተለመደው አዋለዷቸው። ሕመሙን በቁጥር ሲጠይቋቸው ልዩነት አልተገኘም። ግን ኤፒዱራል (ጀርባ ላይ የሚሰጠውን ማደንዘዣ) የወሰዱት ሲቆጠሩ እንደተለመደው ከወለዱት 70%፣ በእጅ ከተደረገላቸው 61%፣ ኤሌክትሪክ ካለው 46% ሆኑ። እኔ ይሄን ሁሌም ሳስበው ይገርመኛል፣ ሕመሙ ያው ነው ትላለች ግን ትችለዋለች።

ገንዘብ ያዥ፦
ታዲያ ሕመም የማይቀንስ ነገር ስጡን ብለን ለምንድነው የምንለምነው? በ2 ገጽ ውስጥ ኤፒዱራል በጊዜ ይሰጥ ብንል አይሻልም?

አዋላጅዋ፦
ጋሼ ጥያቄህ ልክ ነው። በ2020 ደግሞ 28 ጥናት፣ 3,960 ሴቶች አንድ ላይ ታይተው ነበር፣ ከውሸት መርፌ ጋር ሲወዳደር ሕመሙ ላይ ያን ያህል ልዩነት የለም፣ ሴቶቹ ግን በተደረገላቸው ነገር ይበልጥ ደስተኛ ሳይሆኑ አልቀሩም ነው የተባለው፣ እሱም እርግጠኛ ሳይሆኑ። እንግሊዞች በመመሪያቸው ላይ እናንተ አታቅርቡላት፣ እሷ ከፈለገች ግን አትከልክሏት ብለው ነው የጻፉት። እኔ በዚህ እስማማለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ ሁለተኛዬን ስወልድ ተወግቻለሁ ልንገራቹ። ቶልኳ (አስተርጓሚዋ) በስልክ ነበረች፣ አማርኛ ብዬ ጠይቄ መጀመሪያ ትግርኛ ነበር የመጣልኝ እሱን ቀይረው ማለት ነው፣ ድምጿ እየተቆራረጠ «መርፌ ልትወጋሽ ነው፣ ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። መርፌ ሲባል እኔ መድኃኒት ያለበት ነው የመሰለኝ፣ አዎ አልኩ። ከዛ ፀጉር የሚያክል ቀጭን ነገር አውራ ጣቴና አመልካች ጣቴ መሃል ያለችው ሥጋ ላይ ሰካችብኝ፣ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ በውስጥ በኩል ደገመች፣ አንዷን አናቴ ላይ፣ ጥላኝ ወጣች። እኔ መድኃኒቱ መች ነው የሚገባው ብዬ እጄን ሳላነቃንቅ ጠበቅኩ እኮ! ማርያም ማርያም ስል ደግሞ አዋላጇ ቶልኳን «ማርያም ማናት፣ ውጪ ያለችው እህቷ ናት? ትግባላት ወይ?» ብላ ጠየቀቻት 😂 እውነቱን ለመናገር ሕመሙ የትም አልሄደም። ግን ምጡ ለቀቅ ሲያደርገኝ ሰውነቴም ይለቅልኝ ነበር፣ ሸለብ ሁሉ አድርጎኛል። ምን እንደሆነ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ያንን ሁሉ ደቂቃ መድኃኒት አልጠብቅም ነበር።

አዋላጅዋ፦
በቃ ፕሮፖዛሉ ይሄው ነው! ፀሐፊ ያዢው። አዎ ያለችው ለሌላ ነገር ነው። ምጥ ላይ ሆኖ ማን ማብራሪያ ይሰማል፣ ሳይደርስ በፊት ነው መነገር ያለበት።

እትዬ (የእናቶች ቡድን)፦
ልጆቼ እኔ መርፌውን አልቃወምም፣ እኛስ ዋግምት እናውቅ የለ። ግን በኛ ጊዜ ወገባችንን በቅቤ ያሹን ነበር፣ አንዷ ከኋላ ደግፋ ትይዛለች፣ አንዷ ታሻለች። እዚህ ልጄ ስትወልድ ብቻዋን ከማሽን ጋር ነው ያየኋት። እሱስ አይጻፍም?

አዋላጅዋ፦
እትዬ እንዴት አይጻፍም! የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጅ 2018 ባወጣው የወሊድ መመሪያ ላይ ማሸት፣ ሞቅ ያለ ነገር ወገብ ላይ ማድረግ፣ የምትፈልገው ሰው አብሯት መሆን፣ ሦስቱም አለ። አኩፓንክቸርን እሱ ላይ አታገኙትም፣ በ2016ቱ የእርግዝና መመሪያ ላይ ግን ለእርጉዝ የወገብና የዳሌ ሕመም ከሚሞከሩት አንዱ ተብሏል። የወገብ ምጥ ላለባት ደግሞ ንጹሕ ውሃ ቆዳ ውስጥ ይወጋል፣ አራት ቦታ፣ በየቦታው 0.1 ሚሊ። ግማሽ ደቂቃ ያህል እንደ ተርብ ያቃጥላል ከዛ እስከ ሁለት ሰዓት ያቀልላታል።

እትዬ፦
ጠበል ነው?

አዋላጅዋ፦
የፋርማሲ ውሃ ነው እትዬ 😄 ጠበሉን ከቤት ይዘው ይምጡ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ዱላም እንጻፍ፣ አብራት የምትሆን የኛው ቋንቋ የምትናገር።

ገንዘብ ያዥ፦
ለወላድ ዱላ?? ባሏ ይስማ ብቻ።

ፀሐፊ፦
ጋሼ «ዱላ» ማለት አጋዥ ሴት ናት፣ እሺ አማርኛው ላይ «የምጥ አጋዥ» እላለሁ ስዊድንኛው ላይ እንዳለ ይቆይ። እስካሁን ያለውን ገለበጥኩት ተመልከቱት፦ «እርጉዝ እናቶች ከ30ኛው ሳምንት ጀምሮ 3 ምሽት በአማርኛ ተሰብስበው ሉስትጋስ (በአፍንጫና በአፍ የሚሳብ የሕመም ማስታገሻ ጋዝ)፣ ኤፒዱራል፣ የንጹሕ ውሃ መርፌ፣ አኩፓንክቸርና ማሸት እያንዳንዱ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ከአዋላጅ እንዲሰሙ፤ የመረጡት በስዊድንኛ ተጽፎ ማዋለጃ ክፍል እንዲደርስ፤ አማርኛ ቶልክ ቀድሞ እንዲያዝ።» አኩፓንክቸሩ ላይ «ሕመም ይቀንሳል» ልበል?

አዋላጅዋ፦
አትበይ። «አንዳንድ እናቶችን ያዝናናል፣ ኤፒዱራልን አይተካም» በይ። ከዛ መርፌው አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት እንደሆነ፣ ደሟ ቶሎ የማይረጋ ወይም ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ቀድማ መናገር እንዳለባት ጨምሪ። እነዛን የእጅና የእግር ቦታዎች ደግሞ ቤት ውስጥ ቀናቸው ሳይደርስ እንዳይጫኑ ይነገራቸው፣ ዩቲዩብ አይተው የሚሞክሩ አሉ።

ገንዘብ ያዥ፦
እሺ አሁን ገባኝ፣ እደግፋለሁ። በጀቱ ላይ የአዳራሽ፣ የአዋላጅ ሰዓት፣ ልጆች የሚጠብቅ ሰው አስገብቻለሁ። ቡናን «ሌሎች ወጪዎች» ውስጥ ደበቅኳት።

ፀሐፊ፦
ሐሙስ ማታ ስዊድንኛውን እልክላቹሃለሁ፣ አዋላጃችን ታርመዋለች፣ ቅዳሜ ይፈረማል። የሁለት ልጆች እናት፣ ታሪክሽን ያለ ስም በአምስት መስመር ላስገባው?

የሁለት ልጆች እናት፦
አስገቢው። የማርያምን ነገር እንዳትቆርጪው ብቻ።

እትዬ፦
ማሸቱን እኔ መጥቼ አሳያቸዋለሁ። ቅቤ ግን የአገር ቤት ያላቹ ንገሩኝ፣ የሱቁን አልነካም።