ስክሪን በተያዘልኝ ቁጥር ኳስ እየተነጠቅኩ ነው፤ ነገ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ አለን!

ጋርድ 4፦ ቤተሰብ በናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ነገ ጨዋታ አለን፣ ዛሬ ልምምድ ላይ ፒክ ኤንድ ሮላችን (ስክሪን የያዘልኝ ልጅ ከዚያ ወደ ሪንጉ ዞሮ ኳስ የሚቀበልበት) ድብልቅልቁ ወጣ። ኳስ የማመጣው ጋርድ እኔ ነኝ። ረጅሙ ልጅ መጥቶ ስክሪን ይይዝልኛል፣ ማለት ቆሞ ጠባቂዬን በአካሉ ይጋርድልኛል፣ ዞሬ ስወጣ ሁለት ሰው ፊቴ ተገትሯል። ሰባት ኳስ አስነጠቅኩ። ረጅሙም ሁለቴ ፋውል ተነፋበት። ምን ይሻለኛል?

የድሮ ሴንተር፦ የዘንድሮ ልጆች ችግራችሁ ችኮላ ነው። ጋርዱ ስቶክተንና ስክሪን ያዡ ማሎን በኤንቢኤው ቡድን ዩታ ጃዝ ውስጥ 18 የውድድር ዘመን አብረው ሲጫወቱ ይችኑ አንዲት ነገር ነበር የሚደጋግሙት። እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1998 ለፍጻሜ ደርሰዋል። ሁለቱንም ጊዜ በቺካጎ እንደተሸነፉ አውቃለሁ፣ እሱን እንዳታነሱብኝ። ምን እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል፣ ማስቆሙ ግን ጭንቅ ነበር። ለምን? ስቶክተን ይጠብቃላ! የማሎን እግር መሬት ሳይዝ አይነሳም። 15,806 አሲስት (ጓደኛህ የሚያስቆጥርበት ፓስ) በጥድፊያ አልመጣም።

ቀልደኛው፦ ሰባቱን ኳስ ለእነሱ ማቀበልህም እኮ አሲስት ነው። ስቶክተን ላይ ለመድረስ 15,799 ብቻ ቀረህ።

ክንፍ 23፦ ስክሪኑ እስኪቆም ጠብቅ።

ፊሽካ፦ የፋውሉን ነገር እኔ ልንገርህ፣ ዳኛ ነኝ። ስክሪን የሚይዝ ሰው ንክኪው ሲፈጠር ቆሞ መገኘት አለበት፤ ሁለቱም እግሮቹ መሬት ላይ፣ ዳሌና ጉልበቱ ወደ ጎን ሳይወጣ። ያንተ ጠባቂ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ደግሞ ቆም የሚልበት ወይም አቅጣጫ የሚቀይርበት ከአንድ እስከ ሁለት እርምጃ ቦታ ይተውለት። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምነፋው በጋርዱ ጥፋት ነው። ጋርዱ ቀድሞ ይነሳል፣ ረጅሙ ልድረስለት ብሎ ዳሌውን ይወረውራል፣ ፊሽካ!

ሶስት ነጥብ፦ ቆይ፣ ጥያቄህ ራሱ ልክ አይደለም። ሁለት ሰው አንተ ላይ መጣ ማለት ስክሪኑ ሰርቷል ማለት ነው። የቀሩት አራት ጓደኞችህ በሶስት ሰው ነው የሚጠበቁት። የተበላሸው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። የረጅሙ ጠባቂ ብቅ ብሎ ይመለሳል ወይስ ሁለቱም አንተን ይዘው ይቀራሉ? ስክሪኑንስ የት ነው የምትሰሩት?

ጋርድ 4፦ ይዘውኝ ይቀራሉ። ቦታው ጎን መስመሩ ጋ ነው። ምነው?

ሶስት ነጥብ፦ ምነው ትላለህ እንዴ! መስመሩ ሶስተኛ ጠባቂ ሆኖብሃል፣ መውጫ የለህም። ወደ መሃል አምጡት። ሁለቱ ሲመጡብህ በመሃላቸው ለማለፍ አትሞክር፤ ኳሱን በእጅህ ሳትይዝ ሁለቴ እያነጠርክ ወደ ኋላ ሳባቸው። ረጅሙ ሪንግ ስር ድረስ አይሩጥ፣ ፓሱ አይደርስለትም። ነጻ ውርወራ መስመሩ አካባቢ ዞሮ እጁን ያሳይህ። እዚያ ኳስ ይዞ ወደ ሪንጉ ሲዞር አራት ለሶስት ናችሁ። አንዱ ሊያስቆመው ከወጣ የሆነ ሰው ይከፈታል። ግን ኮርነሮቹ (የሜዳው ማዕዘኖች) ላይ ሰው ይኑር! ሪንግ ስር የሚቆም ልጅ ካላችሁ ከዚያ አስነሱት፣ ጠባቂውን ይዞባችሁ ይመጣል።

ክንፍ 23፦ እንዳልኩት፣ እስኪቆም ጠብቅ።

የድሮ ሴንተር፦ ያልኩት እኔ ነኝ።

ረጅሟ፦ እኔ ስክሪን ያዥ ነኝ። ጠባቂዬ እኔ ሳልደርስ ወደ ጋርዷ ከዘለለች ስክሪኑን ትቼ በቀጥታ ወደ ሪንጉ እሮጣለሁ፣ ስሊፕ ማለት ይሄ ነው። ሁለት ጊዜ ከገባባቸው መዝለሉን ይተዋሉ። ሌላው፣ ጋርዷ መጀመሪያ ስክሪኑ በሌለበት በኩል የምትሄድ መስላ ጠባቂዋን ታታልላት፣ ከዚያ ትከሻዋ ዳሌዬን ታክኮ ይለፍ። ማሊያዋ ማሊያዬን ካልነካው ጠባቂዋ በመሃላችን ሹልክ ትላለች።

ጋርድ 4፦ እሺ እሺ፣ ለረጅሙ አሁኑኑ ልደውልለት። ግን እኮ ጎን ላይ ስሩ ያለን አሰልጣኙ ነው።

ሶስት ነጥብ፦ ይሄን አሁን ነው የምትነግረን?!

ክንፍ 23፦ ጨዋታው እንዴት ሆነ?

አዲስ ገቢ፦ እኔም ይሄው ችግር አለብኝ። ጋርድ 4፣ ምን ላይ ደረስክ?

ቀልደኛው፦ ገና ጎን መስመሩ ጋ እንደያዙት ይሆናል።