ቤተ ክርስቲያን ከመግባቴ በፊት ምን ብዬ ልጠይቅ?

ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ክርስቲያን ነኝ፤ ሳልደበቅ የማመልክበት ጉባኤ እየፈለግሁ ነው። ያስቸገረኝ «ሁሉም ሰው እንኳን ደህና መጣ» የሚለው ቃል ነው። በር ላይ ሞቅ ያለ አቀባበል አለ፤ አባልነት፣ ቅዱስ ቁርባን፣ መዘምራን ወይም ሕፃናትን ማስተማር ሲነሳ ግን ሌላ ሕግ ብቅ ይላል። ይህ ሕግ ብዙ ጊዜ የትም አይለጠፍም። የሚሰማው ሰው ከተላመደና ልቡን ከሰጠ በኋላ ነው፤ የሚያቆስለውም ለዚህ ነው።

የቤተ እምነቶችን አቋም አንብቤያለሁ። የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችን ታጋባለች። ቫቲካን በ2023 መጨረሻ ለጥንዶች ቡራኬን ፈቅዳ ጋብቻን ግን እንደ ቀድሞው ከልክላለች። የተባበሩት ሜቶዲስቶች የተባለው የፕሮቴስታንት ቤተ እምነት በ2024 ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መጋቢ እንዳይሆኑ የሚከለክለውን ሕግ አንስቷል፤ ሆኖም እያንዳንዱ መጋቢ የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችን ሠርግ አልፈጽምም ማለት ይችላል። ስለዚህ የበላይ አካሉ ውሳኔ ብቻውን ስለ አጥቢያው አይነግረኝም።

ለመጋቢዎች «አቋማችሁ ምንድን ነው?» ብዬ ስጽፍ የሚመጣው መልስ «ሁሉንም እንወዳለን፤ በአካል እንነጋገር» ነው። ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ ማምለጫ ይሰጣል። ስለ ራሴ ዘርዝሬ እንዳልጽፍ ደግሞ ደብዳቤው ለሽማግሌዎች ሊተላለፍ ይችላል፤ ያለ ፈቃዴ መታወቄ ከቤተሰብም ከሥራም ሊያጣላኝ ይችላል።

ማንነቴን በጽሑፍ ሳላጋልጥ፣ አባል መሆንና ማገልገል እንደምችል ወይም እንደማልችል ቁርጡን የሚያሳውቀኝን ጥያቄ እንዴት አድርጌ ልጻፈው?