የዕቅድ ውይይት፦ ራሳቸውን የሚጠሩ ፈንክሽኖች ሥልጠና፣ ረቂቅ 2

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በረቂቅ 1 የመጀመሪያው ክፍል ቲዎሪ ብቻ ነበር። ሦስት ሰው "እንቅልፍ ያመጣል" አለ፤ እውነት ነው። አሁን አንድ ፈንክሽን ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ ብያለሁ። መሣሪያው ሊን 4 ብቻ (ፕሮግራም የሚጻፍበት፣ የሒሳብ ማረጋገጫም የሚመረምር ቋንቋ)። ሌላው የማረጋገጫ መሣሪያ ኮክ (ስሙ አሁን ሮክ ሆኗል) ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ምን ትላላችሁ?

ሎጂክ ወዳጅ፦
ቲዎሪውን ጨርሶ ማውጣቱን አልደግፍም። ሰው "ሊን ፈንክሽኔ እንደሚቆም ለምን አረጋግጥ ይለኛል?" ብሎ መናደዱ አይቀርም። መልሱ ሁለት መስመር ነው። ረ(ቀ) = ረ(ቀ) + 1 ብሎ መተርጎም ቢፈቀድ፣ ከሁለቱም ወገን ረ(ቀ) ሲቀነስ 0 = 1 ይቀራል። ከዚያ ወዲያ የማይረጋገጥ ነገር የለም፤ ማረጋገጫው ግን ዋጋ አጣ። ይቺን ብቻ መግቢያ ላይ አስገቡልኝ፣ ሌላውን እተወዋለሁ።

አስተባባሪ፦
ገብታለች።

ኮድ ገልባጭ፦
ምሳሌው ግማሽ ቆጣሪው ይሁን። ቁጥሩ ከ1 ካልበለጠ 0፤ ከበለጠ የግማሹን መልስ አምጥቶ 1 ይደምራል። ለ8 መልሱ 3 ነው። አንድ አንድ እያለ ስለማይወርድ፣ ግማሹ ከቁጥሩ እንደሚያንስ መታየት አለበት። 0 ላይ ግን አያንስም፣ የ0 ግማሽ ያው 0 ነው። "ከ1 ይበልጣል" የሚለው ሁኔታ ከእጅ ከወጣ ነገሩ አይሄድም።

ሎጂክ ወዳጅ፦
ኮላትዝንስ? ቁጥሩ ለ2 እኩል ከተካፈለ የሚያጋምሰው፣ ካልተካፈለ በ3 አባዝቶ 1 የሚደምረው፣ 1 ላይ እስኪደርስ።

ኮድ ገልባጭ፦
ሁሌም መቆሙን እስካሁን ማንም ያላረጋገጠውን ለጀማሪ? ተው እንጂ።

ጀማሪዋ፦
እኔ የተሰቃየሁት መቆሙ ላይ አይደለም። እሱንማ ሊን ራሱ ጨረሰልኝ። ጣጣው የመጣው በኋላ ነው። የ8 መልስ 3 መሆኑን በ"ሪፍል" (ሁለቱ ወገን ተሰልቶ አንድ መሆኑን በሚያይ ትእዛዝ) ልዘጋ ስል እምቢ አለኝ። ስለማንኛውም ቀ ላረጋግጥ ብዬ ደግሞ ለ"ሲምፕ" (በተሰጠው እኩልታ ደጋግሞ እየተካ ለሚያቃልል ትእዛዝ) የፈንክሽኑን ስም ሰጠሁት። ውስጥ ያለውን ጥሪ ፈታ፣ የዚያንም ውስጥ ፈታ፣ የዚያንም... ገደቡ ሲሞላ ስህተት ብሎ አቆመ። አንድ ማታ ሙሉ በላኝ። ዕቅዱ ውስጥ ይሄ የታለ?

ኮድ ገልባጭ፦
ልክ ነሽ፣ ዋናው ክፍል ይሄ መሆን ነበረበት። እኔ የምለው፣ ፈንክሽኑ እንደተጻፈ ወዲያው ሁለት እኩልታ በቲዮረም (ስም ተሰጥቶት በተረጋገጠ ሐሳብ) መልክ ይውጣ። አንደኛው፦ ቀ ከ1 ካልበለጠ መልሱ 0። ሁለተኛው፦ ቀ ከ1 ከበለጠ የቀ ግማሽ መልስ ሲደመር 1። ለማረጋገጥ የፈንክሽኑን ትርጉም "አርደብልዩ" በሚባለው የመተኪያ ትእዛዝ አንዴ መክፈት ነው፤ እሱ እንደ ሲምፕ እየደጋገመ አይገባም። ከዚያ በኋላ ሲምፕ የሚሰጠው እኩልታዎቹን እንጂ ስሙን አይደለም። ግማሹም ከ1 እንደሚበልጥ ማወቅ ስለማይችል አንድ እርምጃ ሄዶ ይቆማል።

ሎጂክ ወዳጅ፦
ይሄን ወድጄዋለሁ። ኢንዳክሽኑም (ለትንሹ ቁጥር እውነት ነው ብሎ ገምቶ ለትልቁ ማረጋገጥ) አብሮ ይግባ። ተራው ከቀ ወደ ቀ+1 ነው የሚሄደው፣ የእኛው ፈንክሽን ግን በግማሽ ይዘላል። "ፈን_ኢንዳክሽን" የሚባለው የሊን ትእዛዝ የፈንክሽኑን መንገድ ይከተላል፤ ግምቱን ስለ ቀ ግማሽ ይሰጠናል። የምንፈልገውም እሱን ነው።

አስተባባሪ፦
እንግዲያው ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በሙሉ ለእኩልታዎቹና ለዚህ ኢንዳክሽን። ጀማሪዋ፣ የተሰናከልሽበትን ፋይል ሳትነኪው ላኪልን። የመክፈቻ ልምምዱ እሱ ነው።

ጀማሪዋ፦
ሳልነካው? ኮሜንቶቹ ውስጥ ስድብ አለ እኮ።

ኮድ ገልባጭ፦
ስድቡን አጥፊ፣ ስህተቱን ተዪው።