ከሜክሲኮ ደብረዘይት ለምትመላለሱ፦ በአዳማው የፍጥነት መንገድ (በኤክስፕረሱ) ያዋጣል ወይስ በአሮጌው መንገድ?

የሜክሲኮ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ሜክሲኮ፣ ስራዬ ደብረዘይት ነው። በሳምንት አምስት ቀን በቪትዜ እመላለሳለሁ። ከለገሃር ሁለት የመስሪያ ቤት ልጆች እጭናለሁ፣ ነዳጅ ለሶስት ነው። ጣጣው ቶሉ፣ ማለትም የኤክስፕረሱ መንገድ ክፍያ ላይ መጣ። አንደኛው «እኔ በአሮጌውም ብንሄድ ግድ የለኝም፣ ኤክስፕረሱን የመረጥከው አንተ ነህ» ብሎ ድርሻዬን አልከፍልም አለ። ኤክስፕረሱ የሚጀምርበት ቱሉ ዲምቱ ላይ የመግቢያ ካርዱን ተቀብዬ መስታወቱን ሳልዘጋ የሚያንኮራፋው ደግሞ እሱ ነው! ታሪፉ መንገዱ በ2007 ስራ ሲጀምር ከነበረው ጨምሯል፣ ነዳጁም እንዲሁ፤ ደርሶ መልስ የወሩን ስደምረው ከኪራዬ ጋር መፎካከር ጀምሯል። በአሮጌው፣ በገላንና በዱከም በኩል የምትመላለሱ አላችሁ? እንዴት ነው?

ሹፌር ነኝ፦
ወንድሜ፣ በአሮጌው ሂድ የሚልህ ሰው በአሮጌው ነድቶ አያውቅም። ከፊትህ ተሳቢ፣ ከጎንህ ባጃጅ፣ ዱከም ስትደርስ ደግሞ ሰው ሳያይ ይሻገራል። ፍሬን ስትይዝ ስትለቅ ነዳጅህ ያልቃል። ቶሉም ቢሆን በሄድክበት ርቀትና በመኪናህ መጠን ነው፣ ደብረዘይት ከወረድክ የአዳማውን አትከፍልም። እኛ ሚኒባስ የምንነዳው ግን ሌላ ሒሳብ አለን። ኤክስፕረስ ላይ ቆሞ መጫን የለም። መኪናው ከሞላ በኤክስፕረስ እንሄዳለን፣ ወንበር ካልሞላ አሮጌውን ይዘን መንገድ ላይ እየለቀምን ነው።

ቲጂ፦
ሹፌሩ እውነቱን ተናገረ፣ ግማሹን ግን ዋጠው። መኪና የሌለን ሰዎችም ቶል እንከፍላለን እኮ፣ የሚኒባሱ ታሪፍ ውስጥ ገብቶ ስለሚመጣ አይታይም እንጂ። ባለፈው ረዳቱ «በኤክስፕረስ ነው» ብሎ ጨምሮ ሰበሰበ። ቱሉ ዲምቱ ስንደርስ መኪናው አሮጌውን ይዞ ወደ ገላን! አንዲት እናት «ልጄ፣ ኤክስፕረሱ የታለ?» ሲሉት «እማማ፣ ዛሬ ተዘግቷል» አላቸው። ማን ዘጋው? ትርፉንም አልመለሰልንም።

ሹፌር ነኝ፦
እህቴ ሁሉም እንደዛ አይደለም፣ እኔን አትጨምሪኝ 😄

ደማሪው፦
«ለመንገድ በነዳጅ ላይ እየከፈልን ለምን ድጋሚ» የሚል ሰው መምጣቱ ስለማይቀር ቀድሜ ልበለው። በነዳጅ ላይ የምንከፍለው የመንገድ ፈንድ ከ1989 ጀምሮ ያለ ነው፣ በዋናነትም ለጥገና ነው። ኤክስፕረሱ የተሰራው በአብዛኛው በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው፣ ብድር ደግሞ ይከፈላል። ስለዚህ ቶሉ እኔን ብዙም አያናድደኝም። የሚያናድደኝ ከሜክሲኮ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለው ነው። በኤክስፕረስም ሄድክ በአሮጌው፣ ቃሊቲና አቃቂ ላይ ያው ሰልፍ ይጠብቅሃል፤ ከፍለህ ያተረፍካትን ግማሽ ሰዓት ከፍጥነት መንገዱ ሳትደርስ ትመልሳታለህ። የድሮው ባቡር እዚሁ ለገሃር አሳፍሮ ደብረዘይት ያወርድ ነበር። የአሁኑን ለመያዝ መጀመሪያ ለቡ ድረስ ታክሲ ትጋፋለህ፣ ለእንዳንተ ዓይነቱ አይሆንም።

እኔ ብሆን መንገዱን ሳይሆን ሰዓቱን ነበር የምቀይረው። ከንጋቱ 11፡30 ከቤትህ ውጣ። ለልጁ ደግሞ ቶል የሚባል ቃል አታንሳበት። ደረሰኞቹን ሰብስብ፣ በወሩ መጨረሻ ከነዳጁ ጋር አንድ ላይ ደምረህ «መንገድ ይሄን ያህል» በለው። ነጥለህ ከጠየቅከው ዕድሜ ልኩን ይከራከርሃል።

ቲጂ፦
በጥሬ ብር የምትከፍል ከሆነ ዝርዝርም ያዝ። ጠዋት ጠዋት ባለ 200 ብር ይዞ መስኮቱ ላይ የሚቆም ሰው ከኋላው ያለውን ሁሉ ነው የሚያስረግመው።

የሜክሲኮ ልጅ፦
ሞከርኩት። 11፡30 ለገሃር ደረስኩ፣ አንደኛዋ ቆማለች፣ እሱ የለም። ስደውል «ፊቴን እየታጠብኩ ነው» አለኝ። ጥለነው ሄድን። ቃሊቲን እንደዛ ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም፣ ደብረዘይት ደርሰን ቁርስ ሁሉ በላን። እሱ በሚኒባስ መጣ። በአሮጌው። አርፍዶ፣ ሸሚዙ ተጨማዶ፣ ከማንም ጋር ሳያወራ ገብቶ ተቀመጠ። ማታ ሲመለስ ከእኛ ጋር ነበር፤ ለገሃር ወርዶ ብዙም ሳይርቅ ስልኬ ጮኸ፣ ሳየው በቴሌብር የቶሉን ድርሻ ልኳል። የባለፈውን ሳምንት ጨምሮ።