ከጨረር በፊት መድኃኒት የተሰጣቸው አይጦች ለምን ተረፉ? እርዱኝ

የደሴዋ ተማሪ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሐሙስ ሴሚናር አለብኝ፣ ስለ ጨረር መከላከያ ኬሚካሎች ነው። በ1949 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፓት የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ለአይጦች ሲስቴይን የሚባል አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ) ሰጥተው ኤክስሬይ ሲያሳርፉባቸው ብዙዎቹ ተርፈዋል። ከጨረሩ በኋላ ሲሰጥ ግን ምንም አልጠቀመም። መድኃኒቱ ያው ነው፣ ታዲያ ሰዓቱ ብቻ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? መምህሩ ይህችኑ እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ፣ አንብቤ አንብቤ ራሴ ዞረ።

የጦሳ ልጅ፦ እህቴ አብሽሪ። ሰውነት አብዛኛው ውሃ ነው። ጨረሩ ያንን ውሃ ሲሰብረው ፍሪ ራዲካል የሚባሉ፣ ያገኙትን ሁሉ የሚያጠቁ ነገሮች ይፈጠራሉ፣ ዲኤንኤውንም ይጎዱታል። ሲስቴይን ድኝ ስላለው ቀድሞ ያመክናቸዋል። ግን ይህ ሁሉ ከሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። መድኃኒቱ ቀድሞ ሴሉ ውስጥ ካልጠበቀ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ቦርከና፦ ኮምቦልቻ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የጦሳ ልጅ ልክ ነው፣ ግን «ተረፉ» ስትዪ «አልተጎዱም» እንዳይመስልብሽ፣ ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል። የተረፉትም ነጭ የደም ሴላቸው ይወርዳል፣ ቶሎ ያገግማል እንጂ። መድኃኒት ያላገኙት መቅኔያቸው ደም መሥራት ያቆምና በኢንፌክሽንና በመድማት ይሞታሉ። ይሄ ሳምንታት ስለሚወስድ ነው ሞቱ እስከ 30 ቀን የሚቆጠረው። ጨረሩ ሲበዛ ደግሞ የአንጀት ሽፋን ይጠፋል፣ በጥቂት ቀን ያልቃሉ።

ፋርማሲስቷ፦ አሚፎስቲንንም አንሺ የኔ እህት። ከዚያው ዘር ነው፣ የአሜሪካ ጦር ዋልተር ሪድ ተቋም ነው የሠራው። በአይጥ ላይ ከሲስቴይን ይበልጣል፣ ግን ወደ አንጎል እንደ ልብ አይገባም፣ ያስመልሳል፣ የደም ግፊትም ያወርዳል። በ1999 እ.ኤ.አ. በጨረር ሕክምና አፋቸው ለሚደርቅ ካንሰር ሕሙማን አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። እሱም ከጨረሩ በፊት ነው የሚሰጠው።

የደሴዋ ተማሪ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ጋሼ ቦርከና፣ ከቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በኋላ ለላሞች የተሰጠው ሰማያዊ ዱቄትስ ከዚሁ ይመደባል?

ቦርከና፦ የለም ልጄ፣ እሱን ለይተሽ አስቀምጪው። ፕሩሺያን ብሉ ይባላል። ላሟ ከሣር ጋር የበላችውን ሲዚየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር አንጀት ውስጥ ይይዝና ከፋንድያ ጋር ያወጣዋል፣ ወተቱ ውስጥ የሚገባው ይቀንሳል። ከውጭ የሚመታ ጨረር ላይ ግን አይሠራም። ሐሙስ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር አስምሪና መድኃኒቱን፣ ጨረሩን፣ ሞቱን በየሰዓታቸው አስቀምጪላቸው።