ጥቆማ፦ ለአየር ጠመንጃ ሚል-ዶት ስኮፕ ለምትፈልጉ

ሰሞኑን «ለአየር ጠመንጃዬ ባለ ነጥብ ስኮፕ ጠቁሙኝ፣ አቅሜ እስከ 200 ዶላር ነው» ብሎ ለጠየቀው ወንድማችን፣ ተመሳሳይ ጥያቄ በውስጥ መስመር ለላካችሁልኝም ጭምር። የምጽፈው ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ሆኜ ነው። ሌላ ስቴት ወይም አውሮፓ ያላችሁ ስለ ሕግ የጻፍኳትን አንቀጽ እንዳትዘሏት።

ስኮፕ ማለት ጠመንጃ ላይ የሚታሰር አጉልቶ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ ነው፤ ሚል-ዶት የሚባለው ደግሞ በማነጣጠሪያው መስቀል ላይ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ነጥቦች ያሉት ነው። መልሱን ላስቀድም። ጠመንጃህ ባለ ሞላ ወይም ባለ ጋዝ ፒስተን ከሆነ ሆክ ቫንቴጅ 4-12×40 ኤኦ ሚል-ዶት (ከ4 እስከ 12 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ) ውሰድ። ቤዝመንት ውስጥ ወይም ጓሮ በቅርብ ርቀት ብቻ የምትተኩስ ከሆነ ዩቲጂ ባግባስተር። ጠመንጃህ በታመቀ አየር የሚሠራ ፒሲፒ ሆኖ ኪስህ ከሳሳ ሴንተርፖይንት 4-16×40 ይበቃሃል። ምክንያቱን ማወቅ የፈለገ ይቀጥል።

ብዙ ሰው ስኮፕ ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት እጥፍ ያጎላል?» ብሎ ነው። ለአየር ጠመንጃ ግን እሱ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጉዳይ ነው። መቅደም ያለበት ጠመንጃው ስኮፑን ይሰብረዋል ወይ የሚለው ነው። ባለ ሞላ ጠመንጃ ቃታው ሲሳብ ፒስተኑ ወደ ፊት ይወረወራል፣ ጠመንጃውም ወደ ኋላ ይረግጣል። ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሲቆም ደግሞ ጠመንጃው በቅጽበት ወደ ፊት ይላተማል። የአደን ጠመንጃ ስኮፕ ሌንሶቹ የተያዙት ወደ ኋላ ለሚመጣው ርግጫ ነው፤ የፊተኛውን አይጠብቅም። የአጋዘን ጠመንጃ ላይ ዓመታት የኖረ ስኮፕ ርካሽ ባለ ሞላ ጠመንጃ ላይ ሲወጣ ውስጡ ያለው የማነጣጠሪያ መስቀል ዞሮ ወይም ተነቅሎ የሚገኘው ለዚህ ነው። ሰፈራችን ያለ አንድ ሱቅ ውስጥ «ስኮፕ ያው ስኮፕ ነው» ብለው የሸጡልኝ ዕቃ በዚሁ መንገድ ነው የሞተው። ካርቶኑ ላይ ለአየር ጠመንጃ የተሠራ ወይም የተፈተነ መሆኑ ካልተጻፈ ባለ ሞላ ጠመንጃ ላይ አትስቀሉት። ፒሲፒ ርግጫው ኢምንት ስለሆነ እዚያ ላይ ምርጫው ሰፊ ነው።

ቀጥሎ ትኩረት፣ ማለትም ፓራላክስ። የትልቅ ጠመንጃ ስኮፕ ብዙውን ጊዜ ለ100 ያርድ፣ የ22 ካሊበሩ ደግሞ ለ50 ያርድ ተስተካክሎ ይመጣል። እኛ የምንተኩሰው ከ10 እስከ 50 ሜትር ነው። በ12 ሜትር ላይ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ዓይናችሁን ትንሽ ስታንቀሳቅሱም መስቀሉ ኢላማው ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ የፊት ሌንሱ ላይ ወይም ጎኑ ላይ የሚዞር ማስተካከያ ያለው፣ ቢያንስ እስከ 10 ያርድ የሚወርድ መሆን አለበት። ስሙ ውስጥ ያለው «ኤኦ» የፊቱን ማስተካከያ የሚያመለክት ነው። ባግባስተር እስከ 3 ያርድ ስለሚወርድ የኦሃዮን ክረምት ቤዝመንት ውስጥ ለሚያሳልፍ ሰው ተወዳዳሪ የለውም።

አሁን ወደ ነጥቦቹ። ከአንዱ ነጥብ መሃል እስከ ቀጣዩ ነጥብ መሃል 1 ሚል ነው፤ ሚል የማዕዘን መለኪያ ነው። 1 ሚል በ100 ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር፣ በ50 ሜትር 5፣ በ30 ሜትር 3፣ በ10 ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል። ሒሳቡ ከዚህ አያልፍም። በሜትር አስቡት እንጂ በያርድና በኢንች አትድከሙ፤ ሚል ለሜትር የተመቸ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። በዚህ ዋጋ የሚሸጡት ስኮፖች ማለት ይቻላል በሙሉ ሁለተኛ ፎካል ፕሌን የሚባሉት ናቸው። ምስሉን ስታጎሉት ኢላማው ያድጋል፣ ነጥቦቹ ግን ባሉበት ይቀራሉ። ስለዚህ ነጥቦቹ ትክክለኛ 1 ሚል የሚሆኑት በአንድ ማጉያ ቁጥር ላይ ብቻ ነው። አንዳንዱ 10 ላይ ነው፣ አንዳንዱ የመጨረሻው ቁጥር ላይ። 10 ላይ ትክክል የሆነው 5 ላይ ስታወርዱት በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት 2 ሚል ይሆናል። መመሪያው ላይ ይጻፋል፣ እኔ ግን መመሪያ አላምንም። የለስላሳ ቆርኪ ስፋቱ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። በሜትር ለክታችሁ 30 ሜትር ላይ ካርቶን አቁሙ፣ ልክ በ3 ሴንቲ ሜትር የተራራቁ ሁለት ወፍራም መስመሮች አስምሩ፣ ቆርኪውንም ጎናቸው ለጥፉ። ከዚያ ማጉያውን ቀስ እያላችሁ አዙሩ። ሁለቱ ነጥቦች ሁለቱ መስመሮች ላይ የሚያርፉበትን ቦታ ስታገኙ ቀለበቱ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉ። ከዚያ በኋላ ስትተኩሱ ማጉያው ከዚያ ምልክት አይነቃነቅ።

ነጥቦቹ ለምን ይጠቅማሉ? ለምሳሌ በ4.5 ሚሊ ሜትር ካሊበር፣ በሴኮንድ 240 ሜትር ገደማ የሚተኩስ ጠመንጃ፣ ስኮፑ ከበርሜሉ 4.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ 30 ሜትር ላይ ዜሮ ተደርጓል (መስቀሉ ያረፈበትን እንዲመታ ተስተካክሏል) እንበል። በግምት 20 ሜትር ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ አትቁጠሩት። 40 ሜትር ላይ አንድ ነጥብ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ይወርዳል። 50 ሜትር ላይ ሁለት ነጥብ ገደማ። ጀማሪውን የሚያስገርመው 10 ሜትር ላይ ያለው ነው፤ ቅርብ ሆኖ ሳለ አንድ ነጥብ ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል፣ ምክንያቱም እርሳሱ (ጥይቱ) ገና ከስኮፑ መስመር በታች ነው። የእያንዳንዱ ጠመንጃና እርሳስ ቁጥር ይለያያል፤ ራሳችሁ ተኩሳችሁ በትንሽ ወረቀት ጻፉና ሰደፉ ላይ ለጥፉ።

በነጥቦቹ ርቀት ይለካል የሚለውን የዩቲዩብ ትምህርት ግን እኔ አልቀበልም፣ ቢያንስ ለእኛ መሣሪያ። ዘዴው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ባሕር ኃይል እግረኛ አልሞ ተኳሾች ሰውን የሚያክል ኢላማ በመቶዎች ሜትር ርቀት እንዲገምቱ ነው። 3 ሴንቲ ሜትር ቆርኪ 40 ሜትር ላይ 0.75 ሚል፣ 50 ሜትር ላይ 0.6 ሚል ነው። ይህን ልዩነት በ9 እጥፍ ማጉያ በዓይኔ ለየሁ የሚል ሰው ካለ እጅ እነሣለሁ። በእርምጃ ለኩ ወይም ርካሽ የሌዘር መለኪያ ግዙ።

ሌላው ያልተነገረ ነገር፦ ነጥቡ በሚል ሆኖ ሳለ ስኮፑ ላይ ያለው የማስተካከያ ማዞሪያ በሩብ ኤምኦኤ (ሌላ የማዕዘን መለኪያ) ነው። 1 ሚል ለማዞር ወደ 14 ክሊክ ይወስዳል። በነጥብ አልሞ ለሚተኩስ ሰው ግድ የለም፤ ለእያንዳንዱ ርቀት ማዞሪያ ማዞር የሚወድ ግን ሁለቱም በሚል የሆነውን ይፈልግ። ኤለመንት ሂሊክስ በሚልና በአንደኛ ፎካል ፕሌን የሚመጣው ሞዴል እንደዚያ ነው፤ ምስሉ ሲጎላ ምልክቶቹም አብረው ስለሚያድጉ በየትኛውም ማጉያ ትክክል ነው። ነጥብ ሳይሆን ጭረት ነው ያለው፣ ከባድ ነው፣ ዋጋውም ከ200 ዶላር እጥፍ በላይ ነው። ለጓሮ አይገባም።

የት ይገዛ? ሴንተርፖይንትን ዋልማርት ታገኙታላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ዶላር በታች። መስታወቱ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ይደበዝዛል፣ አመሻሽ ላይም ቶሎ ይጨልማል፣ ለዋጋው ግን አልከፋም። ሆክና ዩቲጂ ከፈለጋችሁ እዚሁ ኦሃዮ ያለው ፒራሚድ ኤር በአየር ጠመንጃ ዕቃ ላይ ያተኮረ ሱቅ ስለሆነ ደውሎ «ጠመንጃዬ ይህ ነው» ማለት ይቻላል፤ ትልልቆቹ የአደን ዕቃ መደብሮች ውስጥ እንዲህ ያለ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ዕድል ነው። መደብር መሄድ ያለው ጥቅም ግን መስታወቱን በዓይን ማየት ነው፤ ካቤላስ የሚባለው የአደን ዕቃ መደብር ገብታችሁ በሁለት ስኮፕ በየተራ አዳራሹ ዳር ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ፌስቡክ ላይ የሚሸጥ ያገለገለ ስኮፕ ባለ ሞላ ጠመንጃ ላይ የነበረ ከሆነ እለፉት።

ማሰሪያውን አትናቁት። አብዛኛው የአየር ጠመንጃ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ ሁለት ጠባብ ቦይ ነው ያለው፤ ከዩቲጂ ጋር በካርቶኑ የሚመጣው ቀለበት ግን ፒካቲኒ ለሚባለው ሰፋ ያለ ባለ ጥርስ ሐዲድ ነው፣ አይገጥምም። ባለ ሞላ ጠመንጃ ላይ አንድ ወጥ ማሰሪያ፣ ከታች የሚቆልፍ ፒን ያለው ግዙ። ፒን ከሌለው በየተኩሱ ፀጉር ፀጉር ያህል ወደ ኋላ ይሳባል። ጠመንጃው ሲጫን በርሜሉ የሚታጠፍ ዓይነት ከሆነና ማዞሪያው እስከ መጨረሻው ዞሮም ዝቅ ብሎ ከመታ ችግሩ የስኮፑ አይደለም፣ በርሜሉ ስላዘነበለ ነው፤ ለዚያ ተብሎ የኋላው ከፍ ያለ ማሰሪያ ይሸጣል።

ስለ ሕግ። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የአየር ጠመንጃ ከጦር መሣሪያ አይቆጠርም፤ ኒው ጀርሲ ግን ይቆጥረዋል፣ በከተማ ክልል ውስጥ መተኮስን የሚከለክሉ ከተሞችም ብዙ ናቸው። እንግሊዝ ያለ ፈቃድ የሚያዘው እስከ 12 ፉት-ፓውንድ (የጥይቱ ጉልበት መለኪያ) ነው፤ ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ የምስክር ወረቀት ትጠይቃለች። ጀርመን እስከ 7.5 ጁል የሆነውና «ኤፍ» ምልክት ያለበት ለ18 ዓመት ሰው ይፈቀዳል። «ለወንድሜ አገር ቤት ልላክለት?» ላላችሁኝ ደግሞ፣ እባካችሁ ተዉት። የጠመንጃ ስኮፕ ከአሜሪካ ማስወጣት የኤክስፖርት ቁጥጥር ያለበት ነገር ነው፣ እዚያም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ሻንጣ ውስጥ ከልብስ ጋር ጠቅልሎ መክተት ጣጣ ነው የሚያመጣው።

አንዲት እህታችን «መነጽር ስለማደርግ አይቸግረኝም?» ብላለች። አይቸግርሽም። ከመስታወቱ እስከ ዓይን 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሰጡትን ምረጪ፣ ከኋላ ያለውን ቀለበትም መነጽርሽን እንዳደረግሽ መስቀሉ እስኪጠራ አዙሪ። ሌሎቻችሁ ስትጠይቁኝ የጠመንጃውን ሞዴልና የምትተኩሱበትን ርቀት አብራችሁ ጻፉ፤ «ጥሩ ስኮፕ ንገረኝ» ብቻ ለሚለው መልስ የለኝም።